ከሰል ሁሉ አንድ አይደለም

ከሰል ሻጮች በተደረደሩበት ገበያ ቆም ብሎ የገዢዎቹን አኳኋን ለጥቂት ጊዜ የተመለከተ ሰው አንድ ቁም ነገር ሳይማር አይመለስም። ሙያዋን የምታውቅ ሴት ከሰል ስትገዛ በዋጋው አትጀምርም። አስቀድማ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ትታ እጅዋን ወደ ውስጥ ትሰድና አንድ አንኳር ታወጣለች፤ በመዳፍዋ መዝና ክብደቱን ትገምታለች፤ ከሌላው አንኳር ጋር አጋጭታ ድምፁን ታደምጣለች፤ ሰብራም ውስጡን ታያለች። ድምፁ እንደ ሸክላ ጥርት ያለ እንደ ሆነ የበሰለ ነው ትላለች። ድምፁ የታፈነ፥ ውስጡም ቡናማ የሆነ እንደ ሆነ ግን «ይህማ አልበሰለም፤ ቤቱን በጭስ ይሞላዋል» ብላ ትመልሰዋለች። ቀጥላም «ለመሆኑ የምን እንጨት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። የግራር ከሰል እሳቱ እንደሚቆይ፥ የቀላል እንጨት ከሰል ግን ጀበናው ሳይፈላ አመድ እንደሚሆን ታውቃለችና ነው።

እንግዲህ ይህች ሴት የጠየቀቻቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከሰሉ ከምን ተሠራ የሚል ነው፤ ሁለተኛው ምን ያህል ሙቀት አገኘ የሚል ነው። ዛሬ በልዩ ልዩ አገር በሚገኙ የእርሻ ምርምር ጣቢያዎች ስለ ከሰል የሚመራመሩ ሊቃውንት ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት እነዚህኑ ሁለት ጥያቄዎች ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ልዩነቱ፥ እርስዋ ከሰሉን ለምድጃዋ ስትፈልገው እነርሱ ለአፈር የሚፈልጉት መሆናቸው ነው።

ለአፈር ተብሎ የሚሠራው ከሰል ባዮቻር ይባላል። ይህ ቃል ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአገራችንም በስብሰባና በሪፖርት ላይ እየተደጋገመ ይሰማል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው «ባዮቻር ለአፈር ጠቃሚ ነው» የሚል አጭር ቃል ብቻ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ አነጋገር «መድኃኒት ለበሽተኛ ጠቃሚ ነው» እንደ ማለት ይቆጠራል። የትኛው መድኃኒት? ለየትኛው በሽተኛ? በስንት መጠን? ይህን ሳይጠይቅ ያዘዘ ሐኪም በሕግ ይጠየቃል። ነገ ወደ ወረዳ ተመድባችሁ ለገበሬ ምክር የምትሰጡ ወጣቶች ግን ያልተጠየቀ ምክር ብትሰጡ የሚጎዳው የገበሬው የአንድ ዓመት እህል ነው። ስለዚህ በዚህ እሑድ ስለ ከሰል ጠባይ ጥቂት ለመጻፍ አሰብን።

አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናዘዝ። ከሦስት ዓመት በፊት ስለ ባዮቻር በሰማነው ነገር ልባችን ተነሣሥቶ በጓሯችን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆልለን፥ በአፈር ሸፍነን አከሰልን። እሳቱ እንዳይበረታ ስለ ፈራን ቶሎ አፈንነው። የወጣውን ከሰል ወቅጠን አንዱን የጎመን መደብ ጥቁር እስኪሆን ድረስ ቀላቀልንበትና በዚያው ሳምንት ችግኝ ተከልን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሰል ያልነካው መደብ ሲያምር፥ እኛ የተመካንበት መደብ ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ባልቴት በአጥሩ በኩል አይተው «ልጄ፥ ከሰሉ የጎመኑን ቀለብ በላብህ» አሉን። በጊዜው ሳቅን። ኋላ ግን መጻሕፍቱን ገልጠን ብናነብ ባልቴቲቱ የተናገሩት ከእውነት የራቀ ሆኖ አላገኘነውም። ምክንያቱን ወደ ታች እንገልጣለን።

ከሰልን ለአፈር የማዋል ነገር ዛሬ እንዲህ ዝነኛ የሆነው ከደቡብ አሜሪካ በተነሣ ወሬ ነው። በአማዞን ወንዝ አገር ያለው መሬት ባመዛኙ ዝናብ አጥቦ ያደከመው፥ ቀይ ወይም ቢጫ፥ ኮምጣጣ አፈር ነው። በዚሁ ደካማ መሬት መካከል ግን እዚህም እዚያም እንደ ጥላሸት የጠቆረና እጅግ ለም የሆነ አፈር ይገኛል። የብራዚል ሰዎች ቴራ ፕሬታ ይሉታል፤ ጥቁር ምድር ማለታቸው ነው። ሆላንዳዊው የአፈር ሊቅ ዊም ሶምብሩክ በ1966 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ አማዞን አፈር ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጥቁር ምድር ከገለጠ ወዲህ የብዙ ተመራማሪዎች ዓይን ወደዚያ ዞረ። አፈሩን ያጠቆረው አውሮፓውያን ከመድረሳቸው በፊት በዚያ የኖሩ ሕዝቦች ከምድጃቸው የጣሉት ከሰል መሆኑ ታወቀ። እንጨት ቢሆን ኖሮ በዚያ ሙቀትና ዝናብ በጥቂት ዓመታት በስብሶ ይጠፋ ነበር፤ ከሰሉ ግን ብዙ መቶ ዓመታት አልፈውበት ዛሬም አለ። ይሁን እንጂ በዚያው አፈር ውስጥ የዓሣና የእንስሳት አጥንት፥ የሸክላ ስባሪና የቤት ጥራጊም እንደሚገኝ መዘንጋት አይገባም። ለምነቱን ከሰል ብቻውን አመጣው የሚሉ ሰዎች ታሪኩን ከግማሹ ቆርጠው የሚናገሩ ናቸው።

እዚህ ላይ በደጋው የአገራችን ክፍል፥ በተለይም በሸዋ፥ ገበሬዎች አፈሩን ከደረቅ እበት ጋር ቆልለው ያጋዩ የነበረበትን ልማድ የሚያስታውስ አንባቢ ይኖራል። ያ ሌላ ነገር ነው። አፈር ማጋየት እሳቱ አየር እያገኘ የአፈሩን የራሱን ብስባሽ የሚበላበት ሥራ ነው፤ አንድ ጥሩ የገብስ አዝመራ ያስገኝና መሬቱን ለብዙ ዓመታት ያደክመዋል። ማክሰል ግን አየር ተከልክሎ የሚፈጸም ነው። አየር ስለሌለ እንጨቱ አይነድም፤ በሙቀት ብዛት ይፈርሳል እንጂ።

ይህ መፍረስ እንዴት እንደሚካሄድ ማወቅ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበት። ማናቸውም ተክል ሲደርቅ በአብዛኛው የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው። እነዚህም ሄሚሴሉሎዝ፥ ሴሉሎዝና ሊግኒን ይባላሉ። ሦስቱም እሳትን የሚሸሹበት ጊዜ ይለያያል። ክምሩ ሲሞቅ መጀመሪያ ውሃው በእንፋሎት ይወጣል፤ ወፍራም ነጭ ጭስ የምናየው በዚህ ጊዜ ነው። ሙቀቱ ወደ 220 ዲግሪ ሳንቲግራድ ሲደርስ ሄሚሴሉሎዝ መፍረስ ይጀምርና እስከ 315 ዲግሪ ድረስ ባመዛኙ ያልቃል። ከዚያ ተራው የሴሉሎዝ ይሆናል፤ እርሱም እስከ 400 ዲግሪ ድረስ ይፈርሳል። ሊግኒን ግን እንደ ግትር ሽማግሌ ነው። ቀደም ብሎ ጥቂት ጥቂት መልቀቅ ይጀምራል፤ ነገር ግን እስከ 900 ዲግሪ ድረስ እየተጎተተ ይቆያል። ዛፍ ብዙ ሊግኒን ስላለው ጠንካራ ከሰል ይወጣዋል፤ ሣርና ጭድ ግን አነስተኛ ስላላቸው የሚተርፋቸው ከሰል ቀላልና ብናኝ ነው።

እንግዲህ አንድ ከሰል አክሳይ ክምሩን በ300 ዲግሪ ገደማ ቢያቆመው ከደረቁ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉን ያገኛል። እስከ 600 ቢያደርሰው የሚተርፈው ሩብ ያህል ነው። ለሻጭ የመጀመሪያው ትርፍ ይመስላል፤ ምክንያቱም ክብደት አለው። ግን ያ ክብደት ምንድን ነው? ያልፈረሰ እንጨትና ዝፍት መሳይ ነገር ነው። ከሙቀቱ ጋር ካርቦኑ እየጠራ ይሄዳል። በደረቅ እንጨት ውስጥ ካርቦን ከመቶው 50 እጅ ያህል ሲሆን፥ በ600 ዲግሪ በተከሰለ እንጨት ውስጥ ግን ከመቶው 85 እጅና ከዚያ በላይ ይሆናል።

ለውጡ በመቶኛ ብቻ የሚታይ አይደለም። የካርቦን አተሞች ሙቀት ሲበረታባቸው እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን እየተያያዙ በንጣፍ በንጣፍ ይደረደራሉ። ይህ መያያዝ እጅግ ጥብቅ ስለ ሆነ የአፈር ረቂቅ ነፍሳት ሊበሉት ይቸግራቸዋል። የአማዞኑ ከሰል ያልበሰበሰበት ምሥጢር ይኸው ነው። ኬሚስቶች ይህን የሚለኩት የሃይድሮጂኑን ቁጥር ከካርቦኑ ቁጥር ጋር በማስተያየት ነው። ለ10 የካርቦን አተሞች ከ7 የማይበልጥ ሃይድሮጂን ከተገኘ እውነተኛ ባዮቻር ነው ይሉታል። ከዚያ ከበለጠ ግን በሚገባ ያልከሰለ ነው።

የጎመናችንም መርዶ እዚህ ላይ ነው። እኛ ቶሎ ያፈንነው ክምር ያልበሰለ ከሰል ነበር። በውስጡ የቀረው ያልጠነከረ ካርቦን ለረቂቅ ነፍሳቱ ድግስ ሆነላቸው። እነርሱ ደግሞ ካርቦን ሲበሉ ናይትሮጂን ያስፈልጋቸዋል፤ ያንን ከየት ያምጡት? ከአፈሩ፥ ማለትም ከጎመኑ ድርሻ ወሰዱ። ቅጠሉ ቢጫ የሆነው ናይትሮጂን ስለ ጎደለው ነው። እንግዲህ የጎመኑ ቀለብ ተበልቷል፤ በሊታው ግን ከሰሉ ሳይሆን በከሰሉ ላይ የተሰበሰበው እድምተኛ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በሚገባ የበሰለ ከሰል አዘጋጅተን፥ ከከብት ፍግ ጋር ቀላቅለን ሁለት ወር ካሳደርነው በኋላ መደቡ ላይ ብናደርገው እንዲያ ያለ ነገር አልደረሰብንም።

ታዲያ «ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ይሻላል ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር፥ መልሳችን እንዲያ አይደለም የሚል ነው። በአነስተኛ ሙቀት የተከሰለው የሚያስመሰግነው ነገር አለው። ናይትሮጂን በሙቀት ስለሚበንን በ350 ዲግሪ የተከሰለ ፍግ ከ600ው ይልቅ ብዙ ናይትሮጂን ይዞ ይቀራል። ደግሞም በገጹ ላይ ኦክሲጅን ያለባቸው ረቂቅ መያዣዎች ስላሉት፥ ዝናብ ሊያጥበው የመጣውን የተክል ምግብ ይዞ ለማቆየት ይችላል። ከፍተኛ ሙቀት እነዚህን መያዣዎች ይጠራርጋቸዋል። በዚህ ፈንታ ከፍተኛው ሙቀት የሚሰጠው ቀዳዳ ነው። ከ400 ዲግሪ በታች በተከሰለ እንጨት የአንድ ግራም የውስጥ ገጽ ጥቂት ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ወደ 600 ሲደርስ ግን ዝፍቱ ከቀዳዳዎቹ ስለሚጸዳ የአንድ ግራም ገጽ ሦስት መቶ ካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። በመዳፍ የማይሞላ አንድ ቁንጥር ከሰል ተዘርግቶ ሁለት የቮሊቦል ሜዳ ሊያለብስ ይችላል ማለት ነው። ውሃ የሚያድረው፥ ረቂቅ ነፍሳትም የሚሸሸጉት በዚህ ቀዳዳ ውስጥ ነው።

ይህን በዓይናችን ለማየት ብለን አንድ የሳይንስ አስተማሪ ወዳጃችንን ጋብዘን በጓሯችን ትንሽ ፈተና አደረግን። ተማሪዎችም በጥንቃቄ ሊሞክሩት ይችላሉ። ክዳን ያላቸው ሦስት ጣሳዎች ወሰድን፤ ጋዙ መውጫ አጥቶ እንዳያፈነዳቸው ክዳናቸውን በምስማር በሳን። በሁለቱ የባሕር ዛፍ ስንጣሪ፥ በሦስተኛው የቡና ገለባ ሞላን። አንዱን የእንጨት ጣሳ በእሳቱ ዳር፥ ሌሎቹን በፍሙ መካከል አስቀመጥን። ጥቂት ቆይቶ በመካከል ካሉት ጣሳዎች ቀዳዳ የሚወጣው ጋዝ እሳት ተያይዞ እንደ ኩራዝ ነደደ። ነበልባሉ በራሱ ሲጠፋ አወጣናቸው።

በዳር የነበረው ከሰል ቡናማነት ያለው፥ ሲነኩት ቅባት የሚመስል፥ ከእጅ በውሃ ብቻ የማይለቅ ሆነ። ውሃ ብናንጠባጥብበት ጠብታው እንደ ኮባ ቅጠል ላይ ተንከባለለ እንጂ አልገባም። በድርቅ አገር ውሃ እንዲይዝለት ይህን ከሰል በማሳው የሚበትን ሰው የፈለገውን ነገር ተቃራኒ ያገኛል ማለት ነው። በመካከል የነበረው የእንጨት ከሰል ጥቁር፥ ሲጋጭ የሚጮኽ፥ ውሃውን ወዲያው የሚጠጣ ሆነ። የቡናው ገለባ ከሰል ደግሞ ደቃቅ ሆኖ በላዩ ነጣ ያለ አመድ ታየበት። ወዳጃችን ሦስቱንም በዝናብ ውሃ አሳድሮ በቀይ ሊትመስ ወረቀት ሲሞክራቸው፥ የዳሩ እንጨት ወረቀቱን አልለወጠውም፤ የመካከሉ እንጨት ትንሽ አሰማየው፤ የቡናው ገለባ ግን ወዲያው ሰማያዊ አደረገው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ከሙቀቱ ይልቅ የሚከሰለው ነገር ዓይነት ምን ያህል እንደሚወስን ያሳያል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ካልሲየምና ፖታሲየምን የመሳሰሉት የአመድ ክፍሎች በማክሰያ ሙቀት ባመዛኙ አይበኑም፤ ሌላው ሲሄድ እነርሱ ይቀራሉ። ከ100 ኪሎ እንጨት አመዱ 1 ኪሎ ያህል ቢሆንና 25 ኪሎ ከሰል ቢወጣ፥ በከሰሉ ውስጥ አመድ ከመቶው 4 እጅ ይሆናል። ከ100 ኪሎ ገለባ አመዱ 6 ኪሎ ቢሆንና 30 ኪሎ ከሰል ቢወጣ ግን ከመቶው 20 እጅ ይደርሳል። የከብት እበት ከሰልማ ግማሽ ያህሉ አመድ ሊሆን ይችላል። የሩዝ ቅርፊትም አመዱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ሲሊካ ስለ ሆነ መሬት አያጣፍጥም። በፎገራ ሜዳ ሩዝ በሚፈለፈልበት ሥፍራ የተከመረውን ቅርፊት ለማክሰል የሚያስብ ሰው ሙቀቱን ከ700 ዲግሪ በታች ቢያደርግ ይሻለዋል፤ ከዚያ በላይ ሲሊካው ወደ ደንጊያነት ጠባይ ይለወጥና ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ይሆናል።

የቡና ገለባ ለጅማ አፈር ያለው ጥቅም ከዚሁ ይመነጫል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከመቶው 40 እጅ ያህሉ ኮምጣጣ መሆኑ ይነገራል፤ ዝናም በሚበዛበት በምዕራቡና በደቡብ ምዕራቡ ክፍል ችግሩ ይብሳል። አፈር ሲኮመጥጥ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ሟሙቶ ሥር ይቆርጣል፤ ፎስፎረስንም አስሮ ይይዛል። ገበሬው ማዳበሪያ ገዝቶ ቢበትን እንኳ ዋጋው መሬት ውስጥ ታስሮ ይቀርበታል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ኖራ ግን በሄክታር በብዙ ኩንታል የሚፈለግ፥ ከሩቅ በመኪና የሚጫን ከባድ ነገር ነው። በ2015 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጅማ ሊቃውንት ባሳተሙት ጥናት የቡና ገለባና የበቆሎ ቆረቆንዳ በ350 እና በ500 ዲግሪ አክስለው ከጅማ ኮምጣጣ አፈር ጋር ቀላቅለው አሳደሩ። ኮምጣጣነቱን ከሁሉ የበለጠ ያበረደው በ500 ዲግሪ የተከሰለው የቡና ገለባ ሆነ። ሁለቱ ጥያቄዎች፥ ማለት ምኑና ስንቱ፥ እዚህ በአንድነት ሲመልሱ እናያለን።

ያው ከሰል ወደ አዋሽ ሸለቆ ተጭኖ ጨው ባለበትና ኮምጣጣ ባልሆነ መሬት ላይ ቢበተንስ? ለጅማ ያስመሰገነው አመድና ጨው ለዚያ መሬት ሸክም ይሆንበታል። ሪፖርት አርቃቂ ግን ሁለቱንም «ባዮቻር ተሰጠ» ብሎ በአንድ መሥመር ሊጽፋቸው ይችላል።

ስለ ሙቀት ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ምሳሌ ግን አጥንት ነው። አጥንት ሲከሰል የሚተርፈው በአብዛኛው ካልሲየምና ፎስፎረስ ነው፤ ካርቦኑ ከመቶው 10 እጅ ያህል ቢሆን ነው። በዚህ ምክንያት የአጥንት ከሰል እንደ ማዳበሪያ ይታያል። በየቄራው ደጃፍ የሚጣለው የአገራችን አጥንት ቢሰበሰብ ከውጭ ከሚገባው የፎስፎረስ ማዳበሪያ ከሩብ በላይ የሆነውን ሊተካ እንደሚችል በ2014 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት ገምቷል።

አጥንት ሌላም ሥራ አለው። ከወንጂ ጀምሮ ወደ ደቡብ በሚወርደው ስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በዚያ ግን ከ10 ሚሊግራም በላይ የሚገኝበት ሥፍራ አለ። ይህን ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ ነገሩ ሲብስም አጥንቱ እየደደረ በጉልምስናው ጊዜ ወገቡን ለማጠፍ ይቸገራል። ውሃው በተከሰለ አጥንት መካከል እንዲያልፍ ቢደረግ አጥንቱ ፍሎራይዱን ይይዘዋል። ይህ ዘዴ በአገራችንም በኬንያም ተሠርቶበታል።

ነገር ግን አጥንቱ በትክክል ካልተከሰለ ዘዴው ሁሉ ከንቱ ነው። ሙቀቱ ያነሰ እንደ ሆነ በአጥንቱ ውስጥ ስብና ሥጋ ስለሚቀር ውሃው ይሸታል፥ ቀለሙም ይለወጣል፤ ማንም አፉን አያስጠጋበትም። ሙቀቱ የበዛና አየር የገባበት እንደ ሆነ ደግሞ አጥንቱ ይነጣል። ነጭ አጥንት ለዓይን ንጹሕ ይመስላል፤ ያየ ሰው ሁሉ ይህ የተሻለ ነው ይላል። ዳሩ ግን በውስጡ ያለው ጠጣር እየተጠጋጋ ደንጊያ ስለሚሆን ፍሎራይድ የመያዝ ኃይሉ እጅግ ይቀንሳል። ደኅናው በ400 እና በ500 ዲግሪ መካከል ተከስሎ ጥቁር ወይም ግራጫ ሆኖ የሚወጣው ነው። በዚህ ሥፍራ የ200 ዲግሪ ስሕተት ማለት ውሃው ጠርቶ፥ ጣዕሙም ጥሩ ሆኖ፥ እናቲቱም ልጅዋ ከበሽታ የዳነ መስሏት ስታጠጣው ፍሎራይዱ እንዳለ አለ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ከሰል አክሳዮቹ እንመለስ። በአዊ፥ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፥ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ወገን በደከመው ኮምጣጣ መሬታቸው ላይ ይተክሉና አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ቆርጠው በዚያው ማሳ ያከስሉታል። ከሰሉ በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል። እነርሱም መሬቱን መልሰው እህል ይዘሩበታል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዛፉ ላይ የዋግ በሽታ ወድቆበት ብዙ ገበሬ ተጎድቷል፤ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ የሚሻ ነገር ነው። እኛ እዚህ ያነሣነው ክምሩ ስለ ነበረበት ክብ ሥፍራ ነው። ከሰል በተከሰለባቸው ሥፍራዎች የተደረጉ ልዩ ልዩ ጥናቶች በዚያ ክብ ውስጥ ኮምጣጣነቱ እንደሚቀንስ፥ ፖታሲየሙና ፎስፎረሱም እንደሚጨምር ያሳያሉ። አመዱና የማይሸጠው ብናኝ እዚያው ስለሚቀር ነው።

የዚህ ብናኝ ነገር ብዙ ያሳስበናል። በየከሰል መሸጫው ጥግ፥ በየጆንያው ሥር፥ ማንም የማይፈልገው ጥቁር ብናኝ ተከምሮ ዝናብ ወደ ቦይ ይወስደዋል። ዛፍ ሳይቆረጥ፥ እሳትም ሳይነድ የተገኘ የአፈር ከሰል ነው። ሆኖም አንድ ጠንቅ አለበት። በአፈር የተሸፈነ ክምር በሁሉም በኩል እኩል አይሞቅም፤ መካከሉ 500 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሲደርስ ዳሩ 300 ላይ ቀርቶ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ጆንያ ውስጥ ጥሬውም ብስሉም ተደባልቆ ይገኛል። ላቦራቶር የሌለው ሰው ምን ያድርግ? በእጁ አሽቶ በውሃ ይታጠበው፤ ውሃ ያንጠባጥብበት፤ ያሽትተው። የጭስና የዝፍት ሽታ ካለው ከፍግ ጋር ወራት ያሳድረው፤ መደብ ላይ ዕለቱን አይበትነው።

የምናከስለውን ነገር ከማን እንደምንወስደው ማሰብም ይገባናል። የጤፍ ጭድ ለከብት ቀለብ፥ ለቤት ምርጊትም ጭቃ ማያያዣ ነው። እበት ኩበት ሆኖ እንጀራ ይጋግራል። አንድ የልማት ሠራተኛ ገበሬውን «ጭድህን አክስል» ቢለው በሬዎቹ በጥቅምት ይጠግቡ ይሆናል፤ በግንቦት ግን ምን ይበላሉ? በሌላ በኩል የቡና መፈልፈያዎች የሚጥሉት ገለባ ክረምት ሲሆን ወደ ወንዝ እየወረደ ውሃ ያበላሻል። እንዲህ ያለው ለባለቤቱ ሸክም የሆነ ነገር ነው መጀመሪያ ወደ ማክሰያው መግባት ያለበት። ለአፈሩ ከሰል የሚሆን ዛፍ ለመቁረጥ የሚነሣ ሰው ቢገኝ ግን ምክንያቱን ከልብ እንዲያስረዳን እንጠይቀዋለን።

ከፈተናችን የተረፈው የቡና ገለባ ከሰል በአንድ ጣሳ ተቀምጦ ነበር። ጎረቤታችን ባልቴት ባለፈው ሰንበት ከሰል አልቆባቸው ሊበደሩ ሲመጡ ሌላ ስላልነበረን እርሱኑ ሰጠናቸው። ጀበናቸውን ጥደው አንድ ሰዓት ያህል ሲያራግቡ ቆዩና ጣሳውን ይዘው ተመለሱ። በማንደጃቸው የቀረው አመድ ብቻ ነበር፤ ቡናውም አልፈላም።

«ልጄ፥ ይህን ከሰል ብሎ የሰጠህ ማነው?»

«እኛው ነን ያከሰልነው፤ ለጎመኑ ነው እማማ።»

«እንግዲያውስ ለጎመንህ አፍላለት» ብለው ጣሳውን በአጥሩ ላይ አስቀመጡልንና ሄዱ።